በክረምት ወደ ወሎ፦ በኪራይ አነስተኛ አውሮፕላን፣ በመደበኛ በረራ ወይስ በመኪና?

ክረምት ከገባ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚጓዘው ሰው ጥቂት አይደለም። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላሊበላ አሸንድዬ ይከበራል፤ ዝናቡ ጨርሶ ሳይወጣ መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም ንግሥ ይደርሳል፤ መውሊድም በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚዞር በእነዚህ ዓመታት ክረምቱ ውስጥ እየዋለ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደውን ምእመን በጭቃና በጉም ወቅት ያስጉዘዋል። ሐዘን፣ ሕመምና የሥራ ጥሪ ደግሞ ወቅት አይጠብቁም። ለእነዚህ ሁሉ ተጓዦች ሦስት መንገዶች አሉ፤ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ላሊበላ በመደበኛ በረራ መሄድ፣ አነስተኛ አውሮፕላን ተከራይቶ መብረር፣ ወይም በጣርማበር በኩል በመኪና መውጣት። በበጋ ምርጫው በአብዛኛው የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። በክረምት ግን ከሁለቱ የሚቀድም መለኪያ ይመጣል፤ ይኸውም አየሩ በመንገድ ላይ ሲከፋ መመለስ፣ ሌላ ቦታ ማረፍ ወይም ባሉበት መቆም ምን ያህል ይቻላል የሚለው ነው። እዚህ አማራጮቹ የሚመዘኑት በዋናነት በዚህ መለኪያ ነው።

የወሎ የክረምት ሰማይ

የወሎ ምድር በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ በገደል የሚወርድ፣ በምዕራብ ደግሞ በጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ ደጋ ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ደጋ ሲያገኝ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመና ይሆናል። በማለዳ ደመናው ዝቅ ብሎ ተራሮቹን ይሸፍናል፤ ደሴ ያለ ሰው ስልክ አንሥቶ «ዛሬ ጦሳ አይታይም» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ጉሙ ይሳሳል፤ ሆኖም ያችው ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች ከቀትር በኋላ ለሚነሣው ነጎድጓድ ጉልበት ታበጅለታለች። ስለዚህ በአብዛኛው የክረምት ቀን ለበረራ የሚመቸው ጊዜ ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ያለው ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽት ያለው ደግሞ የዶፍ፣ የበረዶና የመብረቅ ጊዜ ነው።

ወራቱም አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ የሚያገኝ አገር ስለሆነ በበልጉና በክረምቱ መካከል፣ በተለይም በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ፣ ኃይለኛ ነጎድጓድ ይነሣል። ይህኛው ብዙውን ጊዜ ለብቻው የቆመ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ አብራሪው ዞሮ ሊያልፈው የሚችል ደመና ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በወጥ ደመና ይሸፈንና ነጎድጓዱ በዚያ ውስጥ ይደበቃል፤ ራዳር የሌለው አውሮፕላን ግራጫውን ደመና እያቋረጠ ሳለ ሳያስበው ይገባበታል። ከባድ ነጎድጓድ ካለበት ቦታ ቢያንስ 37 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ እንደሚገባ ለአብራሪዎች ይመከራል፤ ያልታየን ነገር ግን መራቅ አይቻልም። በእኔ ግምት ለአነስተኛ አውሮፕላን ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ወር ነሐሴ ነው፤ ብዙ ሰው ሰኔን የሚፈራው ነጎድጓዱ ስለሚሰማና ስለሚታይ ነው።

ስለ ክረምት ማዕበልና ስለ አነስተኛ አውሮፕላን በሰሜን አሜሪካና በአውሮጳ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው በበረዶ ውሽንፍርና ክንፍ ላይ በሚጋገር በረዶ ዙሪያ ያተኮሩ ናቸው። በዚያ አገር በታኅሣሥና በጥር ቅዝቃዜው ከመሬት ይጀምራል፤ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ በረዶው ከክንፉ ላይ መጠረግ አለበት። ይህን የሚያነብ የእኛ ሰው ነገሩ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። በእኛ ሰማይ ግን የአየሩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከዚያ በላይ ባለ ደመና ውስጥ ያለው ውኃ ከዜሮ በታች ሆኖም ሳይረጋ ይቆያል፤ የአውሮፕላን ክንፍ ሲነካው ግን ወዲያው ይጋገራል። የተጋገረው በረዶ ክብደት ከመጨመሩ ይልቅ የክንፉን ቅርጽ በማበላሸት ይጎዳል፤ ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ያጣል፣ ውልብልቢቱ ይዳከማል፣ የፊት መስታወቱም ይሸፈናል። ትልቅ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1994 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሮዝሎን አካባቢ፣ አንድ ባለ ሁለት ሞተር ኤቲአር 72 በእንዲህ ያለ በረዶ ምክንያት ወድቆ የተሳፈሩት 68 ሰዎች ሁሉ ሞተዋል።

አሁን በረዶ የሚጋገርበትን ያን ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ያለውን ከፍታ ከወሎ ተራሮች ጋር እናገናኘው። ከላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ይህም ወደ 14,000 ጫማ ይጠጋል። በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ መሠረት በተራራማ አገር ደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመራ የሚበር አውሮፕላን በዙሪያው በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካለው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 2,000 ጫማ ከፍ ማለት አለበት። ድምሩ 16,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 4,900 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ በረዶ መጋገር የሚጀምርበት ከፍታ ነው። ደመና በሞላበት ቀን በዚህ ተራራ አካባቢ የሚያልፍ አውሮፕላን ዝቅ ቢል ተራራው፣ ከፍ ቢል በረዶው ይጠብቀዋል ማለት ነው። በመንዝና በደቡብ ወሎ በኩልም ወደ 4,000 ሜትር የሚደርሱ ጋራዎች ስላሉ ስሌቱ እዚያም ብዙ አይለወጥም።

አነስተኛ አውሮፕላን ተከራይቶ መብረር

ለኪራይ ከሚቀርቡት አነስተኛ አውሮፕላኖች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ሴስና ካራቫን ነው። አንድ ቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም ውልብልቢት የሚያሽከረክር የተርባይን ሞተር አለው፤ እንደ ወንበሮቹ አደራደር ከ9 እስከ 14 ሰው ይይዛል፤ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ክብደቱ ወደ 4 ቶን ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በቀጥታ መስመር 335 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ካራቫን ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይደርሳል። በበጋ ይህን አማራጭ የሚነቅፍ ሰው አይገኝም፤ ተጓዡ በፈለገበት ሰዓት ይነሣል፣ አጭርና ጠጠር በሆነ ሜዳ ላይም ማረፍ ይቻላል፣ ዝቅ ብሎ ስለሚበርም የደላንታን ሜዳና የበሽሎን ሸለቆ በመስኮት ማየት የዋጋው አንድ አካል ነው። የሚከተለው ሁሉ የሚነገረው ስለ ክረምት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የመንገደኞች ክፍሉ የአየር ግፊት የሚጠበቅለት አለመሆኑ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ የአየር ግፊቱ ባልተጠበቀ አውሮፕላን ከ10,000 እስከ 13,000 ጫማ ባለው ከፍታ ከ30 ደቂቃ በላይ ሲበረር ለአብራሪዎቹና ለከፊል መንገደኞች፣ ከ13,000 ጫማ በላይ ሲሆን ደግሞ ለተሳፈረው ሰው ሁሉ ኦክስጅን መኖር አለበት። ከላይ ያሰላነው 16,000 ጫማ ከዚህ ወሰን በእጅጉ ያልፋል። ለጤነኛ ወጣት ይህ የራስ ምታትና የድካም ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሁለተኛው በረዶው ነው። ካራቫን በክንፉ ላይ በረዶ ማራገፊያ ሊገጠምለት ይችላል፤ ሆኖም መሣሪያው ከበረዶው ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል እንጂ በበረዶው ውስጥ እንዲቆይ አያስችለውም። ይህ አውሮፕላን በሰሜን አገሮች በረዶ ምክንያት ተደጋጋሚ አደጋ ስለደረሰበት የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከቀላል በላይ በሆነ በረዶ ውስጥ መብረርን የሚከለክል መመሪያ አውጥቶበታል። ኃይለኛ ሞተር ያለው ትልቅ አውሮፕላን ቶሎ ወደ ላይ ወጥቶ በረዷማውን ደመና ሊሻገር ይችላል፤ ካራቫን ያለው መውጫ ወደ ታች ብቻ ነው፤ በወሎ ደግሞ ታች ያለው ተራራ ነው።

ሦስተኛው የሞተሩ አንድ መሆን ነው። ሞተሩ እጅግ የሚታመን ዓይነት ስለሆነ ይህን ጉድለት ማጋነን አልፈልግም። በጠራ ቀን ሞተር ቢቆም አብራሪው እየተንሳፈፈ ወርዶ ሜዳ ይመርጣል። በጉም ቀን ግን የሚመርጠውን ሜዳ አያየውም። መንታ ሞተር ያለው ባለ 19 ወንበሩ ትዊን ኦተር ይህን አንዱን ጉድለት ይሞላል፤ የአየር ግፊቱ የማይጠበቅ ስለሆነ የመጀመሪያውን ግን እንዳለ ይተወዋል። ሁለት ሞተር፣ የተጠበቀ የአየር ግፊት፣ በረዶ ማራገፊያና ራዳር አንድ ላይ ያላቸው እንደ ኪንግ ኤር ያሉ አነስተኛ አውሮፕላኖች ሦስቱንም ያሟላሉ፤ ኪራያቸውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ስለ መነሻውም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ 6,500 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ለሞተሩና ለክንፉ ማረፊያው ከ9,000 ጫማ በላይ እንዳለ ያህል ይቆጠራል፤ አውሮፕላኑ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ከተነሣም በኋላ ከፍታ የሚይዘው በዝግታ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ለመመለሻው ሁለት ሰው ወይም ጓዙን እንቀንስ» ቢል ተጓዡ ሊቀየም አይገባም። ይልቁንም ምንም ሳይጠይቅ ሁሉንም የሚጭን ድርጅት ያሳስባል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው ግን ሰው ነው። በመደበኛ በረራ መንገደኛው አብራሪውን አያገኘውም፤ በኪራይ አውሮፕላን ግን የከፈለው ሰው ከአብራሪው ጀርባ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሠርጉ አለፈ፣ ቀብሩ አመለጠ፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው የሚለው ንግግር በይሉኝታ የተያዘ አብራሪን ወደ ደመና ሊያስገባው ይችላል። በዓይን እያየ እንዲበር ብቻ የሠለጠነ አብራሪ ደመና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጠንቷል፤ በሙከራው የተሳተፉት 20 አብራሪዎች ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ እስከዚያ የፈጀባቸው ጊዜም በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

በዚህ ምክንያት በክረምት የሚከራይ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። አውሮፕላኑ የአየር ጠባይ ራዳር አለው ወይ? የሚበሩት አብራሪዎች ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? ሁለቱስ በመሣሪያ ለመብረር የሚያበቃ ፈቃድ አላቸው ወይ? ለመንገደኞች የሚሆን ኦክስጅን ተሳፍሯል ወይ? ላሊበላ ቢዘጋ የሚሄዱበት አማራጭ ማረፊያ የት ነው፣ ነዳጁስ እዚያ ደርሶ ለ30 ደቂቃ የሚተርፍ ነው ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመንገድ ቢመለስ ሒሳቡ እንዴት ይታሰባል የሚለው በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ተከራዩ ለተመለሰ በረራ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል የሚል ውል ተከራዩን ገፋፊ ያደርገዋል፤ ድርጅቱ ምንም አያገኝም የሚል ውል ደግሞ ድርጅቱን ደፋር ያደርገዋል። ወጪው ለሁለት የሚከፈልበት ውል የተሻለ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ድርጅት ቢረክስም ይቅር።

ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተከራይቶ ወደ ወሎ ደጋ መሄድን አልመክርም። ማለዳ ተነሥቶ፣ አማራጭ ማረፊያ ይዞ፣ አንድ ትርፍ ቀን አስቀምጦ በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን መሄድ ግን የሚቻል ነገር ነው።

መደበኛ በረራ፦ ኮምቦልቻ ወይስ ላሊበላ

በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ውልብልቢቱ ቦምባርዲየር ኪው 400 ከ70 በላይ መንገደኞችን ይይዛል፤ ሙሉ ክብደቱ 29 ቶን ገደማ ነው። ሁለት ኃይለኛ ሞተሮች፣ የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ክፍል፣ ራዳርና በረዶ ማራገፊያ አለው፤ እስከ 25,000 ጫማም ይወጣል። ከላይ ስለ ካራቫን የተዘረዘሩት ጉድለቶች በጉዞው መካከል አያገኙትም ማለት ይቻላል። ብዙ መንገደኛ በክረምት በረራ የሚፈራው መብረቅን ነው፤ የአውሮፕላኑ የብረት ገላ ግን የመብረቁን ኃይል በውጭ በኩል ስለሚያሳልፈው አብራሪዎች ይበልጥ የሚሸሹት በነጎድጓዱ ውስጥ ያለውን የበረዶ ድንጋይና ቁልቁል የሚወርደውን ነፋስ ነው።

የኪው 400 ችግር ማረፊያው ላይ ነው። ሁለቱም የወሎ ማረፊያዎች በተራራ የተከበቡ በመሆናቸው አብራሪዎቹ መንደርደሪያውን ማየት ያለባቸው ገና ከፍ ብለው ሳሉ ነው፤ ደመናው ከዚያ በታች ከሆነ ይዞራሉ ወይም ይመለሳሉ። እንግዲህ መደበኛ በረራ የክረምቱን አደጋ ወደ መዘግየትና ወደ መሰረዝ ይለውጠዋል፤ ተጓዡም ዋጋውን ሲያሰላ ይህንን አብሮ ማሰብ አለበት። ቀድሞ የላሊበላ ማረፊያ የአፈር ሜዳ በነበረበት ዘመን ክረምት ሲገባ በረራው ራሱ ይቆም እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው የአንድ ቀን መዘግየት ብዙ አያስከፋም።

ሁለቱን ማረፊያዎች ስናወዳድር ኮምቦልቻ በክረምት ይበልጣል ባይ ነኝ። ማረፊያው በቦርከና ሸለቆ ውስጥ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ደሴ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን በረራው ቢሰረዝ ከአዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ አስፋልት በማግሥቱ በመኪና መድረስ መቻሉ ነው። በረራው ከመነሣቱ በፊት ቢሰረዝ የሚጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ለላሊበላ ይህ አይሠራም። በረራው ከቀረ በመኪና የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ አውሮፕላኑ ዞሮ ባሕር ዳር ቢያርፍ ደግሞ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ሆኖም መድረሻው ላሊበላ ለሆነ ሰው ኮምቦልቻ አርፎ በመኪና መቀጠል ከቀጥታው በረራ የሚሻለው አየሩ ለተከታታይ ቀናት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ከኮምቦልቻ በወልድያና በጋሸና በኩል ያለው መንገድ ራሱ ሙሉ ቀን ይፈጃልና።

ስለ ላሊበላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ማረፊያው ያለው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሹምሸሃ በተባለው ቦታ ነው፤ ከተማው ደግሞ ከማረፊያው ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተራራው ወገብ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ምክንያት ከተማው በጉም ተሸፍኖ ሳለ ሹምሸሃ ግልጥ ሊሆን ይችላል፤ ተቃራኒው የሚሆንበት ማለዳም አለ። ከከተማው የሚደውል ዘመድ «እዚህ ጉም ነው» ቢል በረራው ቀርቷል ብሎ ከቤት መቅረት አይገባም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሹምሸሃ ያለ ሰው ነው።

በሁለቱም መስመሮች የቀኑን የመጀመሪያ በረራ መምረጥ ይሻላል። ማለዳ በጉም ምክንያት የዘገየ በረራ ጉሙ ሲገፈፍ ሊሄድ ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ በነጎድጓድ የዘገየ በረራ ግን ብዙውን ጊዜ ለነገ ይተላለፋል።

በመኪና

መኪና ለዋናው መለኪያችን ጥሩ መልስ አለው፤ አየሩ ሲከፋ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ደብረ ብርሃን ወይም ከሚሴ ያድራል። አውሮፕላን በአየር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ይህ ማለት ግን መኪና ከመደበኛ በረራ ይልቅ አደጋ የሌለበት ነው ማለት አይደለም፤ በተጓዘው ርቀት ልክ ሲታይ የመኪና አደጋ ከመደበኛ አውሮፕላን አደጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የመኪናው ጥቅም የሚገኘው ሾፌሩ በእርግጥ ሲቆም ብቻ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚቸኩል ሾፌርና የሚገፋፋ ተከራይ አብራሪው ላይ ከደረሰው የተለየ ነገር አያመጡም።

ክረምቱ የሚበረታባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማበር ላይ፣ ጣሊያኖች በሠሩት ዋሻ ዙሪያ፣ ጉሙ በቀትርም ቢሆን የፊት መኪናን መብራት እስከመደበቅ ይደርሳል። ከዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ የፍሬን ፈተና ነው፤ የደብረ ሲና ዙሪያም ለመሬት መንሸራተት የታወቀ ነው። በቆላው በጀውሃና በአጣዬ አካባቢ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ እዚያ ፀሐይ እያለ በጎርፍ መልክ ሊመጣ ይችላል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ፣ ከወልድያ ወደ ጋሸና ሲወጣ ደግሞ ድልብ በጠመዝማዛቸው ላይ ጉም ሲጨመር ዝግታን ይጠይቃሉ።

ከዚህ የሚወጣው መርሐ ግብር ቀላል ነው፤ ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሥቶ ሐረጎን ከ9 ሰዓት በፊት ማለፍ፣ ላሊበላ የሚሄድ ደሴ ወይም ወልድያ አድሮ በማግሥቱ ማለዳ መቀጠል ነው። ጣርማበርን በሌሊት ማቋረጥ በክረምት በፍጹም አይመከርም። የመንገዱ የጸጥታ ሁኔታ ከአየሩ የተለየ ጥያቄ ነው፤ በየሳምንቱ ሊለወጥ ስለሚችል ከመነሣት በፊት በየከተማው ያለን ሰው መጠየቅ ግድ ነው፤ መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ይህ ምዕራፍ ሁሉ ይቀራል።

ማን የቱን ይምረጥ

ለአሸንድዬ ላሊበላ የሚሄድ ሰው የነሐሴ 15ን በረራ አይያዝ፤ አንድ ቀን ቢሰረዝ በዓሉ ያልፈዋልና የ13ቱን ወይም የ14ቱን የጠዋት በረራ ይያዝ። ለግሸን የሚሄድ ኮምቦልቻ ይረፍ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ሰማዩ እየጠራ ስለሚሄድ በረራው እምብዛም አያስቸግርም፤ የሚከብደው በበዓሉ ሰሞን ከደሴ ወደ አምባሰል የሚሄድ መኪና ማግኘቱ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ሆነው የሚጓዙ ቤተሰቦች የኪራይ አውሮፕላን ዋጋ ለየራስ ሲካፈል ከመደበኛው ብዙም እንደማይርቅ አይተው ይማረኩ ይሆናል፤ ለገና ከሆነ ይሁን፣ በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ እንጂ ደመና አይበዛም፤ ለነሐሴ ከሆነ ግን ልዩነቱ በገንዘብ የሚለካ አይደለም።

ሕመምተኛ ይዞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የሐኪሙ ቃል ይቀድማል። ሐኪሙ እስከ ንጋት መቆየት ይቻላል ካለ በሌሊት በጉም ጣርማበርን ከማቋረጥ የጠዋቱ የኮምቦልቻ በረራ ይመረጣል፤ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ ግን አየር መንገዱ አስቀድሞ ሊነገረውና ሊፈቅድ ይገባል። የአየር ግፊቱ ባልተጠበቀ አነስተኛ አውሮፕላን የሳንባ ሕመምተኛን ማሳፈር ያለ ሐኪም ፈቃድ መደረግ የለበትም።

ስለ ትንበያ፣ የእጅ ስልክ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች ሰፊ አካባቢን አንድ አድርገው ስለሚገምቱ ጦሳንና የቦርከናን ሸለቆ አይለዩም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ትንበያ ለሳምንቱ አጠቃላይ ሁኔታ ይሻላል፤ ለዕለቱ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ወይም ሹምሸሃ ያለ ሰው የሚናገረው ከሁለቱም ይበልጣል። የሚጠየቀው ጥያቄ «ዘነበ ወይ?» ሳይሆን «ጋራው ይታያል ወይ?» መሆን አለበት፤ ዝናብ ብቻውን በረራ አያስቀርምና።

መመለሻውም እንደ መሄጃው መታሰብ አለበት። ከወሎ ተመልሶ በዚያው ምሽት ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው በክረምት ሁለቱን ቲኬቶች በአንድ ቀን አያገናኝ፤ ከኮምቦልቻ የሚነሣ ከሆነ አንድ ቀን፣ ከላሊበላ ከሆነ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ይግባ፤ ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ከሆኑ የመጀመሪያው በረራ በአየር ጠባይ ቢቀር ሁለተኛው ላይ የሚሆነውን ቲኬቱን ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።